በጣና ዳር፣ በዓባይ ዳር

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ስለ መናፈሻዋ ሲጠየቅ አንድ የታጠረ ግቢ ብቻ አይጠቁምም። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተነሥቶ ጣናን ይዞ የሚሄደውን የእግር መንገድ፣ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ዳርቻ፣ ከማዶ ያለውን የቤዛዊት ኮረብታ አንድ አድርጎ ይናገራል። እኔም ከዳንግላ መጥቼ የተጓዝሁት ይህንኑ መስመር ነው።

መነሻዬን ጊዮርጊስ አደረግሁ፤ ከተማዋ ያደገችው በደብሩ ዙሪያ ነውና። በቅጥሩ ውስጥ አንድ አሮጌ ባለ ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ ቆሟል። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር) ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ያሠራው ነው ይባላል። ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ሰከላ ድረስ ሄዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየ ሰው ነው። ያ ውሃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ወደ ጣና ገብቶ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ላይ ዓባይ ተብሎ ይወጣል። ምንጩንና መውጫውን በአንድ ሰው ታሪክ ማገናኘት መቻሌ ከልብ ደስ አሰኘኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቼ ሐይቁን ስይዝ የተቀበሉኝ ዋርካዎቹ ናቸው። ሥራቸው ከመሬት በላይ ተጠላልፎ መቀመጫ ሆኗል፤ ከሥር ተማሪው ያጠናል፣ ሽማግሌው ያርፋል፣ ቡና የምታፈላ ሴት ረከቦቷን ዘርግታለች። የዘንባባ ዛፍ የተሰለፈባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች የኋላ ዘመን ሥራ ናቸው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ማክስ ጉተር ለከተማዋ ማስተር ፕላን አዘጋጅቶ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊቴክኒኩ የተከፈቱትም በዚያው ዘመን ነው። ያን ጊዜ ለእግረኛና ለዛፍ ቦታ የሰጠ ሁሉ ሊመሰገን ይገባዋል።

ዳርቻው ላይ በጣና ዳር ከሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሆኑ አንድ አባት ታንኳ ሲያስሩ አገኘሁ። ታንኳው የሚሠራበት የውሃ ዳር ተክል፣ ደንገሉ፣ በፀሐይ ደርቆ ከጎናቸው ተከምሯል።

«አባቴ፣ ስንት ቀን ይፈጅብዎታል?» አልኋቸው።

«ደንገሉ ከደረቀ አንድ ቀን ይበቃል፣ ልጄ። ችግሩ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ቶሎ ቶሎ ሌላ ማሰር ነው።»

ጣት የሚያህለውን ደንገል እያጠበቁ ሲያስሩ ብዙ ቆሜ አየሁ። ሞተር ጀልባው ወደ ገዳማቱ ጎብኚ ያመላልሳል፤ ታንኳው ግን ዛሬም ዓሣና ማገዶ ይጭናል። ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም፣ ዓሣውም መራቢያ ያጣል። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ የገባው እንዲህ ያለ ሕይወት ስላለው ነው። እንቦጭ ከሐይቁ በሌላው ወገን የያዘውን ቦታ ሳስብ ልቤ ይቃጠላል። አንዳንድ ቦታ ላይ መንገዱ በመዝናኛ አጥር ይቋረጥና እግረኛው ወደ አስፋልት ይወጣል። ይህን ፈጽሞ አልወደድሁትም፤ ሻይ መግዛት የማይችል ሰውም ሐይቁን የማየት መብት አለው።

በዓባይ ዳር ያለው የሰማዕታት ሐውልት ግቢ በአበባና በሣር የተዋበ ነው። ደርግን ሲታገሉ ለወደቁት የቆመ መታሰቢያ ሲሆን፣ ሙሽሮችም ፎቶግራፍ ይነሡበታል። በወንዙ ላይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል። በእግረኛ መተላለፊያው ላይ ቆሜ ውሃውን ስመለከት አጠገቤ የነበረ ወጣት ወደ ታች ጠቆመኝ፤ ጉማሬ ጆሮውን ብቻ አውጥቶ ነበር።

ወደ ቤዛዊት ባጃጅ ይወጣል፤ እኔ ግን ሽቅቡን በእግሬ ወጣሁት። ቤተ መንግሥቱን ያሠሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ሕንፃው ውስጥ ባልገባም ስፍራው ራሱ በቂ ነው፤ ሐይቁ፣ ከተማዋና ወንዙ በአንድ ላይ ይታያሉ። ዓባይ ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጢስ ዓባይ ላይ ይወረወራል። የነገ መንገዴም ወደዚያው ነው።