የልጄ ስም አንድ ወረቀት ላይ ተሳስቶ ከባለቤቴ ሦስት ወር ተለያየን

ባለቤቴ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ሳጅን ነው። በ2023 ፌብሩዋሪ ላይ ወደ ጀርመን የሚያዛውረው ኦርደር ወጣለት። ካይዘርስላውተርን አካባቢ ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ ትልቁ የአሜሪካ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው መኖሪያ እዚያ ነው። ሴቷ ልጃችን 4 ዓመቷ ነበር፣ ወንዱ ገና 8 ወሩ። ባለቤቴ ጁን 10 ሪፖርት ማድረግ አለበት። አራት ወር አለን፣ ምን ይጎድለናል አልን። አዲስ አበባ እናቴ ጋ ደውዬ «አራታችንም አብረን ነው የምንሄደው» አልኳት። እኔና ልጆቹ ጀርመን የገባነው ሴፕቴምበር ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ልጆቿን በእኛ ስርዓት የሰየመች የወታደር ሚስት ካለች እኔ የደረሰብኝ እንዳይደርስባት ነው። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቀላል የነበረውን በአጭሩ ልበለው። ውጭ አገር የሚሄድ የቤተሰብ አባል ሁሉ የጤና ማጣሪያ ያልፋል። እዚያ የማይገኝ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው መኖሩን ለማወቅ ነው። አስም ወይም ሌላ ክትትል የሚፈልግ ልጅ ካለ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ በመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩት። የእኛ በሁለት ሳምንት አለቀ። አንድ መኪና መንግሥት በመርከብ ይልካል፤ ላኩልን። በባለቤቴ ማዕረግ ቤተሰብ ያለው ሰው 9,000 ፓውንድ ዕቃ ይፈቀድለታል፤ የእኛ ግማሹንም አልሞላ። እስከዚህ ድረስ ማንንም አልወቅስም።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ።

አበበ ከበደ የሚባል ሰው ልጁን ሳራ ቢላት ሳራ አበበ ነው የምትባለው። ከበደ አያቷ ነው። እናቷ ደግሞ የራሷን አባት ስም ይዛ ትኖራለች። ለእኛ ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። በአሜሪካ ወረቀት ግን አንድ ቤት ውስጥ ሦስት «ላስት ኔም» አለ ማለት ነው። እኛም እንደዚያ ነን። ሁለቱም ልጆቻችን የአባታቸውን ስም ነው የያዙት፣ የልደት ሰርተፍኬታቸውም ላይ በትክክል ተጽፏል።

ዲርስ የሚባል መዝገብ አለ። የወታደር ቤተሰብ እዚያ ካልገባ ሕክምናም የለው፣ ሌላውም ነገር የለው። ወንዱ ልጄ ሲወለድ ባለቤቴ ሰርተፍኬቱን ይዞ ሄዶ አስመዘገበው። መዝጋቢዋ ግን የልጁን የመጨረሻ ስም የአባቱ የመጨረሻ ስም አድርጋ ጻፈችው፣ ማለትም የአያቱን። ሰርተፍኬቱ ፊቷ ተቀምጦ። ባለቤቴም ያተመችለትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተውና መጣ። ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መታወቂያ አይሰጥም። ካርድ ቢኖረው ኖሮ ስሙን ባየነው ነበር። እንዲህ ሆኖ ስህተቱ ተደብቆ ቀረ።

ጨርሶ አልታየኝም ማለት ግን አልችልም። የሁለት ወር ክትባቱን ላስከትብ ስወስደው ነርሷ በአያቱ ስም ጠራችው። እጄን አውጥቼ ገባሁ። በአራት ወሩም በዚያው ስም ጠሩት። ዝም አልኩ። ያኔ አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ማርች ላይ ኦርደሩን ሳነብ የሴቷ ልጄ ስም ትክክል ነው፣ የወንዱ ግን በአያቱ ስም ተጽፏል። የአንድ እናትና አባት ልጆች በወረቀት ላይ የተለያዩ ሰዎች ሆኑ። ወዲያው ወደ ቢሮው ሄድኩ። ዴስኩ ላይ ያለው ልጅ ወረቀቱን በወጉ እንኳን ሳያይ «ችግር የለውም፣ ቤተሰብ መሆናችሁ ይታወቃል» አለኝ። አመንኩት። ዩኒፎርም ለብሶ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከእኔ የተሻለ ያውቃል ብዬ ነው ያመንኩት።

ቤተሰብ በኦርደር ውጭ አገር ሲሄድ ኖ-ፊ የሚባል ክፍያ የሌለበት ፓስፖርት ይወጣለታል። እሱን ለማመልከት ዲዲ 1056 የሚባል የፈቃድ ፎርም ያስፈልጋል፣ ፎርሙ ላይ የሚገባው ስም ደግሞ ኦርደሩ ላይ ያለው ነው። የሦስታችንንም በአንድ ቀን አስገባን። የእኔና የሴቷ ልጄ ሜይ ላይ መጣ። በወንዱ ፋንታ የመጣው ደብዳቤ ነው። በፈቃዱ ላይ ያለው ስምና በልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ስም አይገናኝም ይላል።

ፓስፖርት ክፍል ሄድኩ፤ ኦርደሩን አስተካክሉ አሉኝ። ኦርደር ክፍል ሄድኩ፤ እኛ የምንጽፈው ዲርስ ላይ ያለውን ነው አሉኝ። ዲርስ ቢሮ ደግሞ ያለ ቀጠሮ አያስተናግድም፣ ቀጠሮው ከ12 ቀን በኋላ ነው፣ ባለቤቴም አብሮኝ መምጣት አለበት። በቀጠሮው ቀን ከአለቃው አስፈቅዶ መጣ። ሁለት ልጅ ይዘን አንድ ሰዓት ተኩል ከጠበቅን በኋላ «ዛሬ ሲስተም የለም» ተባልን። ይህን ቃል አሜሪካ ድረስ መጥቼ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም። ሌላ ቀጠሮ ስንጠይቅ የተሰጠን ቀን ባለቤቴ ከሚበርበት ቀን በኋላ ሆነ።

እዚያው እያለን አንዷ ሠራተኛ የልጁን ስም ራሱን ለምን አትቀይሩትም፣ ወደፊትም ይቀላችኋል አለችኝ። ለእኔ አዝና ነው የተናገረችው መሰለኝ፣ ግን ደሜ ፈላ። ልጄ የተሳሳተ ስም የለውም። የተሳሳተው የእነሱ ኮምፒውተር ነው።

የቤት ኪራይ ውላችን በጁን መጀመሪያ ስለሚያልቅ ዕቃችንን ሜይ መጨረሻ ላይ ጭነው ወስደውት ነበር። የሕፃኑ አልጋ ሳይቀር ሄዷል። ባለቤቴ ጁን 8 በረረ። ቀኑ እንዲገፋለት አለቆቹን በቃል ጠይቆ ነበር፤ «ቤተሰብህ ይከተልሃል» አሉት፣ እኛም ቶሎ ተስማማን። ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው አንዲት እናት ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ካለው ቤታቸው ቤዝመንቱን ሰጡኝ። ኪራይ ልክፈል ስላቸው ተቆጡኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፓስፖርት ሲጠየቅ ሁለቱም ወላጆች በአካል መቅረብ አለባቸው፣ አንዱ ካልቻለ ደግሞ ዲኤስ 3053 የሚባለውን የፈቃድ ፎርም ኖታሪ ፊት ፈርሞ መስጠት አለበት። የመጀመሪያው ጊዜ አብረን ስለቀረብን ትዝም አላለን። አሁን እንደ አዲስ ማመልከት አለብኝ፣ እሱ ደግሞ ጀርመን ነው። ዲርሱንም ለማስተካከል ከመሄዱ በፊት የሰጠኝን ጠቅላላ ውክልና ይዤ ብቀርብ አይበቃም አሉኝ፤ ዲርስን በስም የሚጠቅስ ልዩ ውክልና አምጪ። ባለቤቴ እዚያ ካለው የሕግ ቢሮ ሁለቱንም በነፃ አስፈርሞ በፖስታ ላከልኝ። ኦርጅናሉ ነው የሚፈለገው። ይህ ብቻ ሦስት ሳምንት በላ።

በዚህ መሀል አንድ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው «ትንሹን ለዘመድ ትተሽ ከትልቋ ጋር ብትሄጂስ?» አለኝ። ጡት የሚጠባ ልጅ! መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ ልጆቹ እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ጁላይ ላይ ልጄ መራመድ ጀመረ። አባቱ በስልክ ነው ያየው።

ልዩ ውክልናው ከደረሰኝ በኋላ በነበረኝ ቀጠሮ ያገኘኋት በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ነበረች። ሰርተፍኬቱን ተቀብላ ፊደል በፊደል አየችው። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችና «ይሄ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የተስተካከለው ኦርደር በ9 ቀን ወጣ፣ የልጁ ፓስፖርት ኦገስት መጨረሻ ላይ እጄ ገባ።

እንግዲህ የምመክረው ይህን ነው። ኦርደር ሲወጣ ሻንጣ ከማውረዳችሁ በፊት ዲርስ ሄዳችሁ የእያንዳንዱን ልጅ ስም በዓይናችሁ እዩ። የተሳሳተ ነገር ካለ መታረም የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ቀጥሎ ኦርደሩ፣ ከዚያ ዲዲ 1056፣ ከዚያ ፓስፖርቱ። እኔ ከመጨረሻው ጀምሬ ወደ ኋላ ስሄድ ነው ጊዜዬን የጨረስኩት። «ችግር የለውም» የሚላችሁን ሰው በኢሜይል ጻፍልኝ በሉት። ብዙዎቹ በጽሑፍ ሲጠየቁ ያኔ ነው ወረቀቱን የሚያዩት።

ዕቃ በጊዜ ላኩ ይሏችኋል። እኔ አልስማማም። የመጨረሻው ልጅ ፓስፖርት እጃችሁ ሳይገባ አንድ ካርቶን ከቤት አይውጣ። ባል ቀድሞ ሄዶ ቤት ያዘጋጅ የሚለውንም አልቀበልም። ሪፖርት የሚያደርግበት ቀን እንዲገፋለት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ቢከለከልም የጠየቀበት ወረቀት ይኖራል። ግድ ቀድሞ የሚሄድ ከሆነ ዲኤስ 3053ም ልዩ ውክልናም ሳይፈርም እንዳይወጣ። ግን ፈቃዱ ከተፈረመ በኋላ የሚያገለግለው ሦስት ወር ብቻ ነው፣ ቀኑን ቁጠሩ። ፎቶ ኮፒ ይበቃል ቢሏችሁም ማኅተም ያለበት የልደት ሰርተፍኬት ለአንድ ልጅ ሦስት ሦስት አውጡና በእጅ ቦርሳ ያዙ። መደበኛውን ፓስፖርትም ከፍላችሁ አውጡ፤ ኖ-ፊው ለሥራ ጉዞ ነው፣ ከፍራንክፈርት በቀጥታ አዲስ አበባ ለበዓል ልሂድ ብትሉ አይሆንም።

ስምን በተመለከተ፣ ልጆቻቸውን በአያት ስም ያስመዘገቡ የሀበሻ ቤተሰቦች አውቃለሁ። አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ዛሬም ብወልድ በአባቱ ስም ነው የማስመዘግበው።

ስለ ወጥ ቤት የጠየቃችሁኝ እህቶች አላችሁ። የአሜሪካውን 110 ቮልት ምጣድ ለሰው ሰጥታችሁ ሂዱ። የአዲስ አበባው 220 ቮልት ስለሆነ ጀርመን በቀጥታ ይሠራል፣ እናቴ በሰው ላከችልኝ። ብዙ ኃይል ስለሚስብ እንጀራ ስትጋግሩ ልብስ ማጠቢያውን አጥፉ። በርበሬና ሽሮ ይዤ ገብቻለሁ። ቅቤ ግን አትያዙ፤ የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

ከባልቲሞር ተነስተን ጠዋት ራምሽታይን ስንደርስ ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ሴቷ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ወንዱ አባቱ ሲያነሳው አለቀሰ፣ ወደ እኔ እጁን ዘረጋ። ባለቤቴ ምንም አላለም፤ ሻንጣውን አንስቶ ወደ መኪናው ሄደ። እንደ ድሮው እስኪለምደው ሁለት ሳምንት ፈጀ።

በዚያው ሳምንት ሶፋ በሚባለው ስምምነት መሠረት በጀርመን መኖር የሚያስችለንን ማረጋገጫ ፓስፖርታችን ላይ ለማስደረግ ቢሮ ሄድን። ወጣት ሠራተኛ ነው፣ ትሑት። የልጄን መረጃ አስገብቶ «ስሙ ትክክል ነው፣ ላትመው?» አለኝ።

ቆይ፣ መጀመሪያ ስክሪኑን ወደዚህ አዙርልኝ አልኩት።