«ሊበላዎት ነው» ያልኩበት ዋጋ

ሙያዬ ሥራ መለካትና ዋጋ ማውጣት ነው። ኳንቲቲ ሰርቬየር ይሉናል። ፕላን ይሰጠኛል፤ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ኮንክሪቱን፣ ፌሮውን ለክቼ ስንት እንደሚፈጅ እናገራለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን በዚሁ በሙያዬ ስለተሳሳትኩበት ቀን ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ሰው መጥቶ «እስቲ ይቺን ፕሮፎርማ እይልኝ» ባለኝ ቁጥር ግን መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

በአንድ ኮንትራክተር ቢሮ ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖኝ ነበር። ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። ደመወዝ ሲዘገይ ስለ እኛ የሚከራከሩ፣ ሰው ሲታመም ቀድመው የሚጠይቁ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሦስት ወረቀት ይዘው ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። የመታጠቢያ ቤታቸው ሴራሚክ ተሰነጣጥቋል። ቧንቧውም አርጅቷል። ሁሉንም አስነቅለው እንደ አዲስ ሊያሠሩት ነው። ሦስት ባለሙያ ጠይቀው ሦስት ዋጋ ተሰጥቷቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ያንተ ሥራ አይደል? የትኛው ነው ትክክለኛው?» አሉኝ።

ገንዘቡን ትቼ በንጽጽር ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ባለሙያ የጠየቁትን 100 እንበለው። ሁለተኛው 92 ነበር። ሦስተኛው 58። 100 ያሉት ሰው ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈዋል። የሦስተኛው ወረቀት ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። «የመታጠቢያ ቤት እድሳት ከነዕቃው» ይላል፤ ከሥሩ ድምሩ።

ካልኩሌተሬን አነሳሁ። ክፍሉ 2 ሜትር በ2.5 ሜትር ነው፤ ወለሉ 5 ካሬ። ዙሪያው 9 ሜትር፣ ቁመቱ 2.40፤ በሩ ሲቀነስ ግድግዳው ወደ 20 ካሬ ይመጣል። በድምሩ 25 ካሬ ሴራሚክ። ያኔ ቢሯችን ትልቅ ሕንፃ እየሠራ ስለነበር የአንድ ካሬ ሴራሚክ ዋጋ በቃሌ ነው የማውቀው። አባዛሁ። ቧንቧውንና ዕቃውን ደመርኩ። 61 መጣልኝ።

«እትዬ፣ ይሄኛው ሰውዬ ሊበላዎት ነው» አልኳቸው፣ ባለ ሁለት ገጹን ወረቀት እያሳየሁ። «እዩት፣ ትርፉን እንኳ ሳያፍር ጽፎታል። ሦስተኛውን ይያዙ።»

አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ቤታቸውን አላየሁም። የትኛው ፎቅ ላይ እንደሚኖሩ እንኳ አልጠየቅኩም።

እትዬ አመኑኝ። ሦስተኛው ባለሙያ ከዋጋው 70 በመቶውን በቅድሚያ ተቀብሎ ሥራ ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን ነባሩ ሴራሚክ ተነቅሎ አለቀ። ፍርስራሹ መኝታ ክፍላቸው በር ላይ ተከመረ። «ማውጣቱ እኔን አይመለከትም፣ ዋጋው ውስጥ የለም» አላቸው። 9 ጨመሩ። ቀጥሎ ከሥር ያለው ሊሾ ተፈረካክሶ ተገኘ፤ 6 ጨመሩ። ቀጥሎ «ዕቃ» ያለው ቧንቧ መክፈቻውን፣ መታጠቢያ ሳህኑንና መቀመጫውን ብቻ እንደሆነ፣ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረውን መስመር እንዳልቆጠረ ነገራቸው፤ 8 ጨመሩ። ሴራሚኩ ደግሞ ልክ 25 ካሬ ነበር የተገዛው። ሴራሚክ ሲቆረጥ ይባክናል፤ ቢያንስ 10 በመቶ ተጨምሮ ነው የሚገዛው። አለቀባቸው። ሁለተኛ ሲገዙ ቀለሙ ከመጀመሪያው ጋር አልገጥም አለ። ማጣበቂያውም ተጨምሮ 6 ወጣ።

58 የነበረው 87 ደረሰ። እትዬ ይህን ሁሉ ለእኔ አልነገሩኝም። በኋላ ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «አንተን ላለማሳፈር ነው» አሉኝ። ይህ ቃል እስካሁን ይከብደኛል።

የነገሩኝ ከአራት ወር በኋላ ነው፣ ከታቻቸው ባለው ፎቅ የሚኖረው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ ቢጫ እድፍ ሲወጣ። ባለሙያው ስልክ ማንሳት ትቷል። በዚያው ቀን ማታ ከሥራ ስንወጣ የቢሯችንን ፎርማን ለምኜ ይዣቸው ሄድኩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይት ላይ የኖሩ ሰው ናቸው።

እትዬ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ጋሼ ከኋላዬ እየወጡ በየመዞሪያው ቆም ብለው ደረጃውን ያያሉ። ምን እያዩ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

መታጠቢያ ቤቱ ሲደርሱ ቁልፋቸውን አውጥተው ሴራሚኩን እያንኳኩ ሄዱ። ግማሹ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ከሥሩ ማጣበቂያው በደንብ አልተዳረሰም ማለት ነው። አንድ ባልዲ ውሃ አፈሰሱ። የሻወር ወለል ወደ መውረጃው በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት። የእትዬ ውሃ ግን ወደ መውረጃው አልሄደም። ወደ በሩ መጣ። ከዚያ አንድ የላላ ሴራሚክ አነሱ። ከሥሩ እርጥብ ሊሾ ብቻ ነው ያለው። የውሃ መከላከያ የሚባል ነገር አልተቀባም።

«እትዬ፣ የመጀመሪያው ሰውዬ ወረቀት አለ?» አሉ።

እትዬ ሒሳብ ሠራተኛ አይደሉ? ወረቀት አይጥሉም። ከመሳቢያ አወጡት። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር ጮክ ብለው አነበቡት። ነባሩን ሴራሚክና ከሥሩ ያለውን ሞርታር መንቀል። ሊሾውን ወደ መውረጃው አስተካክሎ እንደገና ማፍሰስ። ግድግዳ ውስጥ ያለውን ቧንቧ መቀየርና ሳይሸፈን በግፊት መፈተሽ። ወለሉንና የሻወሩን ግድግዳ ሁለት ጊዜ ውሃ መከላከያ መቀባት። ለ24 ሰዓት ውሃ ሞልቶ ማየት። ክፍያው በአራት ጊዜ፤ የመጨረሻው 10 በመቶ ሥራው አልቆ ውሃ ከተሞከረ በኋላ።

አንድ መስመር ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። «ፍርስራሽ በጆንያ ከ3ኛ ፎቅ ማውረድና ማስወገድ» ይላል።

«ስንት ጆንያ ነው? አስላው» አሉኝ።

እዚያው ቆሜ አሰላሁ። 25 ካሬ ነው። ሴራሚኩ ከነሞርታሩ ውፍረቱ 4 ሴንቲሜትር ቢሆን 1 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። 1 ኪዩብ ከዚህ ዓይነቱ ነገር ወደ 2 ቶን ይመዝናል። አንድ ሰው በዚያ ደረጃ ደህና አድርጎ የሚሸከመው 25 ኪሎ ቢሆን 80 ጆንያ ነው። 80 ጊዜ ሦስት ፎቅ መውረድ፣ 80 ጊዜ መልሶ መውጣት። ሲሚንቶውን፣ አሸዋውንና አዲሱን ሴራሚክ ወደ ላይ ማውጣቱ ገና አልተቆጠረም። እኔ የተጠቀምኩበት ዋጋ ክሬን ካለበት ሕንፃ የመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ በራሱ ተገለጠልኝ። በእኛ ሳይት ሴራሚክ የሚያነጥፈው ልጅ ሰፊ ኮሪደር ላይ ነው የሚውለው። ክር ወጥሮ፣ ሙሉ ሙሉውን እየደረደረ ይሄዳል። በ5 ካሬ ወለል ላይ ግን መቀመጫውን ዞሮ፣ ቧንቧውን በስቶ፣ ጥጉን ቆርጦ ነው። ኮሪደር ላይ በቀን የሚያነጥፈውን ግማሽ እንኳ አያነጥፍም። ቧንቧ ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዴ መስመር ለመቅበር፣ አንዴ ዕቃ ለመግጠም። ለሁለት ሰዓት ሥራ ቀኑን ይሰጣል። ውሃ መከላከያው የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይቀባም። ስለዚህ ትንሽ ክፍል በካሬ ሲሰላ አብዛኛውን ጊዜ ከትልቅ ሕንፃ ይወደዳል። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። እትዬ ሲጠይቁኝ ግን ትዝ አላለኝም። 92 ያለውን የሁለተኛውን ባለሙያ ወረቀትም አወጣነው። ልዩነቱ ውሃ መከላከያውን ለወለሉ ብቻ መያዙ ነበር። እሱም የተጋነነ አልነበረም።

ትርፉን መጻፋቸውስ? ቢሯችን በሚያቀርበው ዋጋ ሁሉ ላይ የአስተዳደር ወጪና ትርፍ እደምራለሁ። በእጄ እየደመርኩ ነው የኖርኩት። ድርጅት ሲጽፈው ሥርዓት የመሰለኝ ነገር አንድ ግንበኛ ሲጽፈው ለምን ዝርፊያ መሰለኝ? ለዚህ ዛሬም ጥሩ መልስ የለኝም። ሠራተኛ የሚቀጥር፣ ዕቃ የሚገዛ፣ ሥራ ሲበላሽ በራሱ ወጪ የሚያስተካክል ሰው ትርፍ ከሌለው ስልክ የማያነሳ ሰው ይሆናል።

እትዬ የመጀመሪያውን ባለሙያ መልሰው ጠሩ። የአባቴ እኩያ ናቸው። መጡ፣ አዩ፣ ለኩ። ከሻወሩ ውጪ ያለው የግድግዳ ሴራሚክ ደህና ስለሆነ አይነቀልም አሉ። ለቀሪው 64 ጠየቁ። ያ መታጠቢያ ቤት ለእትዬ በድምሩ 151 ፈጀባቸው። ከ100 ጋር አስተያዩት።

ያን ቀን እኔም ነበርኩ። ዝም ማለት አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ያኔ ዋጋዎትን የተጋነነ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው ባለሙያውን። ትንሽ አዩኝ። አልተቆጡም።

«ስልኬ ወረቀቱ ላይ ነበር እኮ» አሉኝ። «አንዴ ብትደውልልኝ መስመር በመስመር እነግርህ ነበር።»

ውሃው የተሞከረ ዕለት መውረጃውን ደፍነው 3 ሴንቲሜትር ያህል ሞሉት። የውሃውን ልክ በእርሳስ ምልክት አደረጉ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመለስን። ውሃው ምልክቱ ላይ ነው። የታችኛው ጎረቤት በራቸውን ከፍተው አስገቡን። ጋሼ፣ የኛው ፎርማን፣ ወንበር ላይ ወጥተው ኮርኒሱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ደረቅ ነበር።

አሁን ሰው ፕሮፎርማ ሲያሳየኝ ድምሩን በወረቀት እሸፍነዋለሁ። ቀልዴን አይደለም፤ መጀመሪያ ካየሁት ዓይኔ እሱ ላይ ይቀራል። ቤቱን ሄጄ አያለሁ። ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሴ ቃል እጽፈዋለሁ፤ ማፍረስ፣ ማውጣት፣ ማዘጋጀት፣ መሥራት፣ መፈተሽ፣ ማጽዳት። ከዚያ በየወረቀቱ ውስጥ የጎደለውን እፈልጋለሁ። ሦስት ዋጋ የሚወዳደረው ሦስቱም አንድ ዓይነት ሥራ ሲይዙ ነው። አንድ መስመር ብቻ የጻፈ ካለ እንዲዘረዝር እጠይቀዋለሁ። እምቢ ካለ ርካሽም ቢሆን እሱን ያዙ ብዬ አልመክርም። ዋጋው በዝቷል ብዬ ካሰብኩ ደግሞ እደውላለሁ።

በቅርቡ እንዲሁ ሆነ። አንድ የማውቃቸው ሰው የቤት ቀለም ዋጋ ይዘው መጡ። ሊያስቀቡ የፈለጉት የውስጡን ግድግዳ ነው። «ተጋኗል» አሉኝ። እውነትም ወረቀቱ ላይ 400 ካሬ፣ 80 ሊትር ቀለም ይላል። ሄጄ ስለካ የውስጡ ግድግዳ 265 ካሬ ነው። አንድ ሊትር ቀለም አንድ ጊዜ ሲቀባ 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል፤ ሁለት ጊዜ ለመቀባት 53 ሊትር ይበቃል። የድሮው እኔ ብሆን ፍርዴን እዚያው እሰጥ ነበር። ቀለም ቀቢውን ደወልኩለትና 400ው ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት።

«የውጪው ግድግዳ 135 ነው» አለኝ ወዲያው። «ቤቱን ቀባልኝ ሲሉኝ ከነውጪው መስሎኝ ነው። ካልፈለጉት አወጣዋለሁ።»

265 እና 135። ድምሩ ልክ 400 ነው። ለባለቤቱ ነገርኳቸው። ወደ ውጪው ግድግዳ ዞረው ጥቂት አዩት። የተላጠበትን ቦታ በጣታቸው ነካ አደረጉና «ለውጪው ብቻ ስንት ይላል?» ብለው ጠየቁኝ።