ዶላር ሲገኝ የሚገዛ ሶል

በምሠራበት የጫማ ፋብሪካ ሥራ ሲቆም ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ዶላር የለም። እውነት ነው፣ አልነበረም። ቆዳ ላይ ብዙም አንቸገርም። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ወደ ውጭ በሚላክ ጥሬ ቆዳ ላይ 150 በመቶ ታክስ የጣለው ቆዳው እዚሁ ተሠርቶ እንዲወጣ ብሎ ነው። ሶሉና ማስቲሹ ግን ከውጭ ነው የሚመጡት። ለእነሱ ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለውጭ አቅራቢው ክፍያውን የሚያረጋግጥበትን ሰነድ፣ ለማስከፈት ባንክ ወረፋ ይዞ ወራት መጠበቅ ነበር።

አንድ ሰሞን ስፌት ክፍል የተሰፋው ሥራ ተከምሮ፣ ቀጥሎ ያለው ክፍል እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ቁጥር 42 እና 43 ሶል አልቋል። የወንድ ጫማችን በብዛት የሚሸጠው ደግሞ በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ሁሉም እንደለመደው «ዶላር» አለ። በቅርብ የተመደበችው ሥራ አስኪያጅ ግን ስቶሩን ክፈቱልኝ አለች።

ፕላኒንግ ክፍል ስለምሠራ አብሬ ገባሁ። ካርቶኑ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ስናወርደው 38 እና 39 ሶል ነው፤ ግማሹ ማምረት ካቆምነው ሞዴል የተረፈ። ጥግ ላይ የተደረደረው ማስቲሽ ጊዜው አልፎበታል። አንዱን ቆርቆሮ ከፍታ በእስክሪብቶ ስትነካው ረግቶ ጎማ ሆኗል።

የግዥ ኃላፊያችን አንጋፋ ሰው ናቸው። «የኔ ልጅ፣ ዶላር ስትገኝ ነው የሚገዛው። ዛሬ ካላስገባሁ ለከርሞም አላገኝም» አሏት። እውነታቸውን ነው። ፋብሪካው እንዳይዘጋ ስንት ጊዜ ባንክ ለባንክ ተንከራተዋል። ችግሩ ኤልሲው ሲፈቀድ አቅራቢው እጁ ላይ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ መግዛት ልማድ መሆኑ ነው። የትኛው ቁጥር እንደሚሸጥ የሚጠይቅ አልነበረም። እኛ ፕላኒንጎች የምንሰማው ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ ነው። በስንት ልመና የተገኘች ዶላር ማንም የማይፈልገው ሶል ሆና ትቀመጣለች፤ በዚያው ሳምንት ምርት በዶላር እጥረት ቆመ ይባላል።

«ጋሼ፣ ዶላሩን እርስዎ ያምጡልን፣ ቁጥሩን ከሽያጭ ክፍል እንውሰድ» አለች። ከዚያ ወዲህ ፕላኒንግ ያልፈረመበት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የአቅራቢው የዋጋ ማቅረቢያ፣ ወደ ባንክ አይሄድም። የስቶሩ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ ማታ ማታ ይሞላል። የተከማቸውን 38 እና 39 በተማሪ ጫማ ጨረስነው።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ወረፋው ቀለል አለ፤ ለዚያው ካርቶን የሚያስፈልገው ብር ግን እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ብሩስ ከየት ይምጣ? ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ተገድቦ ነበር። የዋጋ ንረትን ለማርገብ መታሰቡ ይገባኛል። ግን ጥሬ ዕቃ ገዝቶ ሰው ቀጥሮ የሚያመርት ፋብሪካ ከሌላው ተበዳሪ ጋር እኩል መታየቱ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጋሼ በዚያ ሰሞን የዓመት ሶል ፕሮፎርማ ይዘው መጡ። «አሁን አለ፣ ሳይጠፋ እንግዛ» አሉ። ሥራ አስኪያጇ የሦስት ወር ይበቃናል፣ የቀረው ብር ለደመወዝ ያስፈልገናል ብላ ድርቅ አለች። ሁለቱም ተቆጡ። የሂሳብ ሹሟ ካዝናው ውስጥ ያለውን ስትነግራቸው ክርክሩ አበቃ። የዓመቱን ገዝተን ቢሆን ኖሮ በቀጣዩ ወር ደመወዝ አንከፍልም ነበር።

ጋሼ ግን አሁንም ደስ አላላቸውም። ነገ ሌላ መመሪያ ይመጣል፣ ዶላሩም ይጠፋል ብለው ይሰጋሉ። በቢን ካርድ ይህን ስጋት ልናስለቅቃቸው አንችልም። ምንዛሪ ሳይቆራረጥ ዓመታት ሲያልፉ ማየት አለባቸው፤ እኔም እንደዚያው።