እንዶድ ከላብራቶሪ ለምን አልወጣም?

ሰሞኑን የትም ብትሄዱ ወሬው ኢኖቬሽንና ኢንተርፕርነርሺፕ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ኢንኩቤሽን ማዕከል፣ ማለትም ጀማሪ የስራ ሀሳብ የሚታገዝበት ቦታ፣ እየከፈቱ ነው፣ ኮርሱም ይሰጣል፣ ደስ ይላል። እኔን የሚከነክነኝ ምሳሌ ሲጠራ ሁሌ አሜሪካ ጋራዥ ውስጥ የተጀመረ ካምፓኒ መሆኑ ነው፤ የእንዶድን ታሪክ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር የሰማሁት ሰው ግን የለም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፣ አክሊሉ ለማ ገና ወጣት ተመራማሪ ሳሉ ብልሃርዝያን ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። የብልሃርዝያ ትል እንቁላሉ ከሰው ሰገራ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዛ ወጥቶ ወንዝ የገባ ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ በሽታው መተላለፊያ ያጣል ማለት ነው። እሳቸው ታዲያ ወንዙን ሲያዩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ አገኙት፣ ሌላው ቦታ ያለው ግን ደህና ነው። በህይወት ያሉትን ሰብስበው እቃ ውስጥ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷን እስቲ ከአረፋው ጨምሪበት አሏት። ጨመረችበት፣ ሞቱ። ጥናቱ የተጀመረው እዛው ወንዝ ዳር፣ በሴቶቹ እውቀት ነው፣ እኔ ይሄን ሁሌም ነው የማደንቀው።

ከዛ በኋላ የተሰራው ስራ ቀላል አይደለም። አክሊሉ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሽታን የሚያጠናውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሰረቱ፣ ባልደረባቸው ለገሰ ወልደዮሐንስ ደግሞ ከየአካባቢው የእንዶድ ዝርያ አሰባስበው ሲያወዳድሩ ኖረው 44 ቁጥር የሚባለውን መረጡ። ፍሬው ሳይቀላ፣ አረንጓዴ ሳለ ነው የሚለቀመው፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በውሃ ብቻ ይበጠበጣል፣ አለቀ። እኛ ቤት እስካሁን ጋቢ በእንዶድ ነው የሚታጠበው፣ እናቴ ሳሙና ጥጡን ያደርቀዋል ትላለች። ገበሬው ጓሮው የሚያበቅለው ነገር ከውጭ በዶላር የሚገባን የቀንድ አውጣ መግደያ ኬሚካል ሊተካ ነበር እኮ!

ታዲያ ምን ያዘው? ዓለም አቀፍ ተቋማቱ ለሰውም ለአካባቢም አደገኛ አለመሆኑ በእነሱ ደረጃ በሚታወቅ ላብራቶሪ ይረጋገጥ አሉ። ጥያቄው ልክ ነው፣ እንዶድ ዓሳም ይገድላል፣ መፈተሽ አለበት። ችግሩ እንዲህ አይነት ላብራቶሪ እኛ ጋር አልነበረም፣ ውጭ ለማስፈተሽ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ገንዘብ ሰጪው እስኪገኝ አመታት ነጎዱ። በዛ መሀል ፕራዚኳንተል የሚባለው ክኒን መጣና የሁሉም ትኩረት ወደ እሱ ዞረ፤ ክኒኑ ያድናል፣ ግን ልጁ ነገ እዛው ወንዝ ሲገባ ተመልሶ ከመያዝ አያስጥለውም። ሁለቱ ሳይንቲስቶች የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ሲያገኙ 1989 ሆኗል፣ ሀያ አምስት አመት ማለት ነው።

የሚያናድደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። አሜሪካ ታላላቅ ሀይቆች ውስጥ ዜብራ መስል የሚባል ባለ ዛጎል ፍጥረት ገብቶ የውሃ ቱቦ መድፈን ጀመረ፣ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከአክሊሉ ጋር ሆነው እንዶድ ሞከሩ፣ ሰራ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ወጣበት። እነሱ ሰረቁ ለማለት አይደለም፣ አክሊሉ ራሳቸው አብረው ሰርተዋል። ግን እዛ አንድ ዩኒቨርሲቲ ግኝት ሲያገኝ ፓተንት የሚያወጣለት፣ ገዢ የሚፈልግለት ሰው ተቀምጦለታል፣ ለዘመናት በእንዶድ ያጠቡት የአድዋ ሴቶች ግን ከዛ ወረቀት ምን አገኙ?

እኛ ጋር ዛሬም አንድ መምህር እድገት የሚያገኘው በዋናነት ጆርናል ላይ ባሳተመው ነው፣ ገበሬ አደራጅቶ እንዶድ ቢያስተክል ማን ይቆጥርለታል። ኢንኩቤሽን ማዕከል ሲባል ደግሞ አዳራሽ፣ ዋይፋይና ሀሳብ የሚቀርብበት የፒች ውድድር ይሆናል፣ ለአፕ የሚሰራ ልጅ ይበቃው ይሆናል፣ እንደ እንዶድ ያለ ነገር ግን መፈተሻ ላብራቶሪ ይፈልጋል፣ የህግ ሰው ይፈልጋል፣ ምርቱን በኮንትራት የሚረከብ ይፈልጋል። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ነው የሚጠራው፣ ተገቢ ነው። ለኔ ቅድሚያ ማግኘት ያለበት የመርዛማነት ምርመራ እዚሁ የሚሰራበት፣ ውጤቱ ውጭም ተቀባይነት ያለው ላብራቶሪ ነው፣ ለአዳራሹ የሚወጣው በጀት መጀመሪያ እዛ ይግባ። እንዶድ ላይ አሁን የምትሰሩ ልጆች ካላችሁ ደግሞ ፃፉልኝ፣ የት እንደደረሳችሁ ከልቤ መስማት እፈልጋለሁ።