ባሌ በመኪና፦ ዕቅዳችን የት ደረሰ?

የታኅሣሥ ጉዟችን መልክ እየያዘ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በራሳችን መኪና ልናየው ነው። ይህን ያህል ርቀት ስነዳ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ዝግጅቱ ራሱ ትምህርት ሆኖልኛል።

መጀመሪያ የምንቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እስካለባት ዲንሾ 400 ገደማ ነው። ማልዶ ለወጣ ሰው በአንድ ቀን ይገባል፤ በማግስቱ ደግሞ ሳነቴ አምባ ላይ መውጣት ይቻላል። ከፍታውን ስናይ ግን ሐሳባችንን ቀየርን። ዲንሾ 3,100 ሜትር አካባቢ ነው። የሳነቴ አምባ 4,000 ይደርሳል፣ የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ያህል ነው። ሰውም መኪናም አቅም ያንሰዋል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ቢቀለውም ራስ ምታቱ ማንንም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሌሊት ዲንሾ አድረን ነው ወደ ላይ የምንወጣው።

ደግሞ ዲንሾ ማደር ጊዜ ማባከን አይደለም። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ባለው የኮሶና የጥድ ደን ውስጥ የደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ ይገኛሉ። የጋይሳይ ሣር ሜዳም ቅርብ ነው። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ጥሩ የሚታየው ማለዳና አመሻሽ ላይ ስለሆነ እነዚያን ሰዓታት ለጋይሳይ ትተናል። አስጎብኚም የምንይዘው ከዚያው ከዲንሾ ነው።

ለቀይ ቀበሮ ያሰብነው ደግሞ ቀኑን ነው። ዋና ምግቡ ፍልፈል ቀን ቀን ስለሚወጣ እሱም የሚያድነው ቀን ነው። ትልቁ ፍልፈል ከጉድጓዱ በከፊል ብቅ ብሎ በዙሪያው ያለውን ሣር ይነጫል። ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ ይጠጋል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጠጋል። ይህን ለማየት መኪና አቁሞ ዝም ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለሳነቴ ሙሉ ቀን የሰጠነው ለዚህ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው። ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። እባካችሁ ውሻ ይዞ የመሄድ ሐሳብ ያለው ካለ ይተወው።

የምንሄደው በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ ነው። ምሳ በቆጂ። የደራርቱን፣ የቀነኒሳንና የጥሩነሽን አገር ሳይቆሙ ማለፍ ነውር መሰለኝ። ከዚያ ዶዶላና አዳባ። በማታ አንነዳም፤ ከብቱም፣ ጋሪውም፣ ፈረሰኛውም መንገድ ላይ ነው። ከመነሳታችን በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውለን እናጣራለን።

ባለፈው ሳምንት ጎሚስታ ጋ ሄደን ስኮርታውን አስወረድን። ጥርሱ አዲስ ነው፣ መሬት የነካ አይመስልም። ልጁ ግን ጎኑን በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው ቀጫጭን ስንጥቆች ተከፈቱ። ከዕድሜ ብዛት ደርቋል። ወዲያው ተቀየረ። የፍሬን ሸራም አሳይተናል፣ ምክንያቱም ከሳነቴ ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው ቁልቁለት ረጅም ነው። በከባድ ማርሽ እየያዙ መውረድ እንጂ ፍሬን ላይ መተኛት አይሆንም። ነዳጅ ሮቤ ወይም ጎባ እንሞላለን፣ ከዚያ በኋላ አምባው ላይ ማደያ የለም።

ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጋቢ ብቻውን አይበቃም፣ ወፍራም ጃኬትና ጓንት ይዘናል። በሶውና ቆሎው የእናቴ ድርሻ ነው።

ያልወሰንነው አንድ ነገር ቀርቷል። ሐረና ወርደን ሪራ መንደር እንደር ወይስ በዚያው ቀን ጎባ እንመለስ? የጫካውን ማርና ቡና ሳልቀምስ መመለስ አልፈልግም፣ ባልደረቦቼ ደግሞ ቪትዟን ለኮረኮንቹ ይሰጋሉ። በቅርቡ በትንሽ መኪና ከጎባ ሪራ የወረደ ካለ መንገዱ እንዴት እንደሆነ ይንገረን።