ልጄ ከአክስቷ ቤት ስትመለስ

ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ፍኖተ ሰላም በዚያው ሰሞን ጦርነት ውስጥ ገባች። መንገድ ሲከፈት ልጄን አዲስ አበባ፣ እህቴ ጋ ላክኋት። ገና ሰባት ዓመቷ ነበር። ለጊዜው ነው ያልነው ነገር ተጓተተና የተመለሰችው በ2017 ክረምት ነው።

የመንገዱን ጣጣ እዚህ አልዘረዝረውም፤ ያልፋል። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስላለው ነው፤ ማንም አልነገረኝምና።

ልጄ ቤቷ ውስጥ እንግዳ ሆነች። ውሃ ሲጠማት «ልቅዳ?» ብላ ታስፈቅደኛለች። የታጠበ ልብሷን አጣጥፋ መልሳ ሻንጣዋ ውስጥ ትከታለች። ሌሊት ስትባንን የምትጣራው አክስቷን ነው። ያን ስሰማ አንጀቴ ይቃጠላል፤ ግን ይህን እንኳ ቀስ በቀስ ቻልኩት።

ያንገበገበኝ ትምህርት ቤቱ ነው። እህቴ ጋ ሆና 3ኛ ክፍልን ጨርሳለች። ማኅተም ያለበት ካርድ ይዛለች። የእኛ ሰፈር ልጆች ግን ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ስለከረመ ገና 2ኛ ክፍል ሊገቡ ነው። ቢሮው «ልጅቷን ይዘሽ ነይ» አለኝ፤ ይዣት ሄድኩ። ኃላፊው ካርዱን ገልብጦ እንኳ አላየውም። «መሸኛ የለም። ከእኩዮቿ ጋር 2ኛ ክፍል ትቀመጥ፤ ለእሷም ይሻላል» አለ። አዲስ አበባ ያለው ትምህርት ቤት ለክረምት ዝግ ነው፣ መሸኛውን ከየት ላምጣ ብለው «እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው» አለኝ። ስንወጣም ምክር ጨመረልኝ፦ «ከአክስቷ ጋር በስልክ አታገናኟት፤ ካልቆረጠላት አትለምድም።»

በር ላይ ልጄ እጄን ያዘችና «እማ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። ከቤቷ ሲልኳት ጥፋት የሠራች መስሏት ኖሮ፣ አሁን ደግሞ ከክፍሏ ሲያወርዷት ያው መሰላት። ለዚያ ሰውዬ ይህን ማን ያስረዳው? እስካሁን ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ምክሩን አልተቀበልኩም። ማታ ማታ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ከእህቴ ጋር አገናኛታለሁ። ዘመድ ሁሉ «ታባብሺባታለሽ» ብሎኛል። እኔ ግን ሁለት ዓመት ያቀፈቻትን ሰው ድንገት ብነጥቃት ሁለተኛ ስደት ይሆንባታል ባይ ነኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፊንላንድ 70 ሺህ ገደማ ልጆቿን ለደኅንነታቸው ወደ ስዊድን እንደላከች አንብቤያለሁ። ብዙዎቹ ሲመለሱ የእናታቸውን ቋንቋ ረስተው ነበር፤ ያሳደጓቸውን ሰዎች የናፈቁም ብዙ ነበሩ። የእኔዋ ቢያንስ ቋንቋዋ አልጠፋባትም።

ስልኩ ግን ለእኔም ጠቀመኝ። አንድ ማታ እህቴ በስልክ «እናትሽ ቀን ከሌት ስላንቺ ትጠይቀኝ ነበር» አለቻት። እኔ መቶ ጊዜ ብነግራት አታምነኝም ነበር። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አጠገቤ መተኛት ጀመረች።

መሸኛው መስከረም ላይ መጣ፤ ያው ኃላፊ ያለ ምንም ቃል 4ኛ ክፍል መዘገባት።

ልጅ የምታስመልሱ ካላችሁ መሸኛውን ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ፣ ሰኔ ላይ አስወጡ። ቢሮ ስትሄዱ ደግሞ «ይዛችሁ ኑ» ቢሏችሁም ልጁን ውጭ ከሰው ጋር አቆዩት። ስለ እሱ የሚባለውን መስማት የለበትም።