ከክትክታ ቅጠል ታኒንና ፍላቮኖይድ ያወጣሁበት መንገድ

ቅጠሉ ለታኒን ማውጫ የሚሆነው የሜፕል ዛፍ ሐረርጌ ውስጥ አይበቅልም። ዘመዱ ክትክታ ግን ከደንገጎ ዳገት እስከ ሐረር ዙሪያ በየገደሉ ሞልቷል፤ ሁለቱም ሳፒንዴሴ የሚባለው የዕፅዋት ቤተሰብ አባላት ናቸው። የሜፕል ቅጠል ከጋሊክ አሲድ በተሠራው የታኒን ዓይነት፣ በጋሎታኒን ይታወቃል፤ ክትክታ ታኒንም (አፍ የሚያኮማትረው ውህድ) ፍላቮኖይድም (ሌላ የዕፅዋት ውህድ) ሳፖኒንም (እንደ ሳሙና አረፋ የሚሰጠው) አለው። ለሜፕል ከሚሠራበት አካሄድ ብዙም አልራቅሁም፤ ልዩ ጣጣ ያመጣብኝ የክትክታ ሙጫ ነው።

ቅጠሉን ከመኪና መንገድ ርቄ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ እለቅማለሁ። አቧራውን ፈጠን ብሎ ማለቅለቅ ይበቃል። ከዚያ ሰሌን ላይ ሳይደራረብ ጥላ ሥር ይሰጣል። ውጤቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ይህ ደረጃ ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚጨነቀው ስለ ኤታኖሉ ነው። እርጥብ ቅጠል ከተከመረ የራሱ ኢንዛይም ፖሊፌኖሉን፣ ማለትም ታኒንና ፍላቮኖይድ ያሉበትን የውህድ ወገን፣ ከኦክስጅን ጋር አዋህዶ ያበላሸዋል፤ ቅጠሉም ወደ ቡናማነት ይለወጣል። ሐረር በክረምት የሚያሰጋው ይህ ነው። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል በቀላሉ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ቴርሞሜትር ሰቅዬ ነው የማደርቀው። የደረቀ ቅጠል መሃል ጅማቱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ከተለመጠ ገና ነው።

ሲፈጭ ሙጫው ይሞቅና ምላጩ ላይ እንደ ማስቲካ ይለጠፋል። ስለዚህ ማለዳ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረግሁ፣ መፍጫውን ለአጭር ጊዜ እያስነሳሁ እያቆምሁ እፈጫለሁ። የዛገ ብረት ዕቃ ፈጽሞ አልነካም፤ ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ቀለም ይሆናል፣ የድሮው የጽሕፈት ቀለም የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነበር። በጣም የላመ ዱቄት ማጥለያውን ይደፍናል፤ ሸከር ያለ ይሻላል።

50 ግራም ዱቄት በ500 ሚሊ ሊትር 70 በመቶ ኤታኖል እዘፈዝፋለሁ። ይህን ለማዘጋጀት 365 ሚሊ ሊትር ባለ 96 በመቶ ኤታኖል ተንኖ በተጠራቀመ (ዲስቲልድ) ውሃ እስከ 500 መሙላት ነው። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ የአካባቢያችን ውሃ ጀበናን በኖራ እንደሚሸፍን ሁሉም ያውቃል፣ ያ ካልሲየም ከታኒኑ ጋር ተጣብቆ ይዘቅጣል። ብልቃጡን ከድኜ፣ ከብርሃን ሸሽጌ፣ አልፎ አልፎ እየነቀነቅሁ 48 ሰዓት አቆየዋለሁ። መጀመሪያ በሻሽ፣ ቀጥሎ በማጣሪያ ወረቀት ይጠለላል። አልኮሉ የሚተነው በሞቀ ውሃ ላይ፣ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ነው። ከሰል አጠገብ አይሞከርም፤ የኤታኖል እንፋሎት በቅጽበት ይቀጣጠላል።

ለታኒን ምርመራ አልኮሉ ተንኖ ከቀረው ዝቃጭ ጥቂት በሞቀ ውሃ በጥብጬ አጠልና 1 በመቶ ፈሪክ ክሎራይድ (የብረት ጨው) ጠብ አደርጋለሁ። ሰማያዊ ጥቁር ከሆነ የጋሊክ አሲድ ወገን የሆነው ታኒን አለ፤ አረንጓዴ ጥቁር ከሆነ የካቴኪን ወገን ነው። ለፍላቮኖይድ ግን የውሃውን ክፍል መውሰድ ያሳስታል፤ ሙጫው ውስጥ ያለው ፍላቮኖይድ ውሃ ውስጥ በቅጡ አይሟሟም። ዝቃጩ በአልኮል ቀጥኖ የማግኒዥየም ቁራጭና ጥቂት ጠብታ የተከማቸ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲጨመርበት ሮዝ ወይም ቀይ ይወጣል። አሲዱ ሲጨመር ስለሚፈላ ቱቦውን ፊት ላይ ማቅናት አይገባም።

ቱቦ ውስጥ ቀለም ታየ ማለት መድኃኒት ተገኘ ማለት አይደለም፤ ይህንን ፈሳሽ ማንም እንዲጠጣ አልሰጥም። የቀይ ሜፕል ጠውላጋ ቅጠል ፈረስ ሲበላው ቀይ የደም ሴሉን አፍርሶ ይገድለዋል፤ ዋናው ተጠርጣሪም ያው ጋሎታኒን ነው።

የፖሊፌኖሉን መጠን በፎሊን ዘዴ፣ ማለትም ከፖሊፌኖል ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ በሚሆን ፈሳሽ፣ እለካለሁ፦ 0.5 ሚሊ ሊትር ናሙና፣ 2.5 ሚሊ ሊትር አሥር እጥፍ የቀጠነ ፎሊን፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ 2 ሚሊ ሊትር 7.5 በመቶ ሶዲየም ካርቦኔት፣ ጨለማ ውስጥ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ በብርሃን መለኪያው (ስፔክትሮፎቶሜትር) በ765 ናኖሜትር ሞገድ ንባብ። ፎሊን ቫይታሚን ሲንም ስለሚቆጥር ቁጥሩ ትንሽ ይጋነናል። ንባቡ መጠኑ በታወቀ ጋሊክ አሲድ ከተሠራው መለኪያ ጣሪያ ካለፈ ሰማያዊውን ፈሳሽ ማቅጠን ዋጋ የለውም፤ ናሙናውን አቅጥኖ ከፎሊኑ እንደገና መጀመር ነው።